ለቀብር የሚወጣ ብር ለምርመራ ለምን አይወጣም?



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ እንደ ነበር በቦታው የተገኛችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ሐሳቡም በእድራችን ወርኃዊ መዋጮ ላይ በአባል 10 ብር ተጨምሮ፣ በሰፈራችን የሚገኙ ዕድሜያቸው የገፋ አባቶችና ወንድሞች የፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ የሚያደርጉበት፣ በሽታው ከተገኘባቸውም ሕክምናቸውን የሚከታተሉበት ልዩ መዝገብ ይከፈት የሚል ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሐሳቡ ሲቀርብ ምን እንደሆነ ደግሞ እንናገር። ከፊሉ ሳቀ፤ ከፊሉ አቀረቀረ። አንድ አባት ተነሥተው እድር የተቋቋመው ለሞት ነው እንጂ ለሽንት አይደለም ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ ማን ይናገር! ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ ተባለና ወደ ድንኳኑ ሸራ ጥገና ታለፈ። ስለ ሸራው ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ተነጋገርን።

እኛ የዚህ ሰሌዳ አዘጋጆች ይህን ጽሑፍ የምንለጥፈው ለዚያ ጭብጨባ መልስ ለመስጠት ነው። የተናጋሪውን ስም አናነሣም፤ የተከበሩ አባታችን ናቸው፣ ለእድሩም ብዙ ደክመዋል። አባባላቸው ግን ሰው ይገድላል። ስለሆነም በዝምታ ልናልፈው አንችልም።

ለመሆኑ እድራችን ምን አለው? ድንኳን አለው። አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ትሪ፣ ብርጭቆ አለው። ለቀብር ማስፈጸሚያ የሚሆን ገንዘብ በባንክ አስቀምጧል። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ወጣቱ ይሯሯጣል፣ ጥቂት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ተተክሎ ንፍሮው ይቀቀላል። ይህን የሚያህል ሥርዓት ያለ አንድ ደመወዝተኛ ሠራተኛ የሚያካሂድ ሕዝብ በየት አገር አለ? በዚህ እንኮራለን። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ጉልበት ሰውዬው በሕይወት ሳለ የት ነበር?

ስለ ካንሰር አታውሩ፣ ሟርት ነው የሚሉ ወገኖችም አሉ። የሬሳ ሳጥን ዋጋ ጨመረ ብለን በየጊዜው ስንከራከርስ? ሣጥኑ የማንኛችን እንደሚሆን ሳናውቅ ቁመቱን፣ ጨርቁን፣ የእንጨቱን ዓይነት ስንመርጥ ሟርት ነው ያለ ሰው አልሰማንም። የሚገርመው ነገር፣ ሞትን በስሙ ጠርተን የምናወራ ሰዎች ከሞት የሚያድነውን ነገር ለመጥራት እናፍራለን።

ወደ በሽታው እንምጣ። ፕሮስቴት በወንድ ላይ ብቻ የሚገኝ፣ ከሽንት ፊኛ በታች የተቀመጠ፣ የሽንት መውጫውን ቱቦ እንደ ቀለበት የከበበ ትንሽ ዕጢ ነው። ሥራው የወንድ ዘር የሚጓዝበትን ፈሳሽ ማመንጨት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ዕጢ በአብዛኛው ወንድ ላይ ይተልቅና ቱቦውን ይጫናል። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ የሚያስነሣው፣ ሽንት ቆም ቆም እያለ እንዲወርድ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ካንሰር አይደለም። መድኃኒትም ቀዶ ሕክምናም አለው። እርጅና ነው ብሎ ተቀብሎ መሰቃየት አያስፈልግም።

ካንሰሩ ግን በአብዛኛው የሚጀምረው ከቱቦው ራቅ ብሎ፣ በዕጢው የውጭ ጠርዝ በኩል ነው። ስለዚህ ቱቦውን ቶሎ አይጫንም። ሽንት አይከለክልም። አያምም። ሰውዬው ይበላል፣ ይሠራል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይሄዳል፣ በስብሰባም ላይ ያጨበጭባል። ሲያመኝ እታያለሁ የሚል ሰው እንግዲህ የሚጠብቀው የማይመጣ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛው ሲመጣ ደግሞ በሽንት በኩል ሳይሆን በወገብ፣ በዳሌና በጎድን አጥንት በኩል ይመጣል፤ ምክንያቱም ይህ ካንሰር ከቤቱ ሲወጣ የሚወደው ማደሪያ አጥንት ነው።

ከሰፈራችን አንድ ሰው እናንሣ። ስሙን አንጽፍም፤ ባለቤቱ ግን ነገሩን እንድንናገር ፈቅደውልናል። ወገቡን ያመው ጀመር። ብርድ ነው አለ፤ እኛም ብርድ ነው አልነው። ወጌሻ አሸው። ከመድኃኒት ቤት የሕመም ማስታገሻ እየገዛ ሁለት ክረምት አሳለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ በሽታው አከርካሪው ውስጥ ገብቶ ነርቩን ተጭኖት ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በዕለቱ እድራችን ሥራውን ሠርቷል፤ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ገንዘቡ ሳይጓደል ተከፍሏል፣ ጎረቤት ሦስት ቀን አብሮ አድሯል። ባለቤቱም ስለዚህ እድሩን ያመሰግናሉ። ግን ያን ሰው በየጊዜው ወደ ሆስፒታል ለማመላለስ የመኪና ኪራይ ያወጡት የአንገት ሐብላቸውን ሸጠው መሆኑን ማን ያውቃል? ማንም አልጠየቃቸውም። ጥየቃ መጥተናል፣ ብርቱካን ይዘን መጥተናል፣ እግዜር ይማርህ ብለን ተመልሰናል።

ታዲያ ይህ ለሽንት የሚወጣ ገንዘብ ነው?

የፈረንጅ በሽታ ነው የሚሉትንም ሰምተናል። ሐቁ ግን ተቃራኒው ነው። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ወንዶች ይህ ካንሰር እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል፤ በዚያው ዓመት ወደ 400 ሺህ የሚጠጉት ሞተውበታል። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ወንዶችን በመግደል ከካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በዚህ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከነጮቹ በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት በ2020 ዓመታዊው አዲስ ሕመምተኛ 1.4 ሚሊዮን እንደ ነበርና በ2040 ወደ 2.9 ሚሊዮን እንደሚደርስ አስጠንቅቋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው ረጅም ዕድሜ መኖር ጀመረ፤ ይህ ደግሞ የዕድሜ በሽታ ነው። በአገራችንም አባቶቻችን ሰባና ሰማንያ ሲደርሱ ደስ ይለናል፤ እንግዲያውስ የሰባና የሰማንያ ዓመት በሽታ አብሮ እንደሚመጣ ማወቅ አለብን።

በጊዜው መገኘቱ ምን ይጠቅማል? በአሜሪካ መዝገብ መሠረት ካንሰሩ ከዕጢው ሳይወጣ ከተገኘባቸው 100 ወንዶች 99 የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ወደ ሩቅ አካል ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘባቸው ግን 40 እንኳ አይሞሉም። ልዩነቱን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቤት ይመዝነው።

የኔልሰን ማንዴላን ነገር እንደ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2001 በ83 ዓመታቸው ይኸው ካንሰር እንደተገኘባቸው ለሕዝብ ተነገረ፤ ለሰባት ሳምንት የጨረር ሕክምና ወሰዱ። ከዚያ ወዲያ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረው በ95 ዓመታቸው አረፉ። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ደግሞ በ1997 ተገኘባቸው፤ ያረፉት በ2021 ነው፣ 90 ዓመት ሞልቷቸው። በሽታው በመካከሉ ደጋግሞ ቢያስቸግራቸውም ኖረውበታል። እነዚህ ሰዎች በሽታቸውን በአደባባይ ሲናገሩ ወንድነታቸው የጎደለ መሰላቸው? ሃያ ሰባት ዓመት እስር ቤት ተቀምጦ ያልተሰበረ ሰው ስለ ፕሮስቴቱ ለዓለም ሲናገር፣ የእኛ ሰው በር ዘግቶ ለሚስቱ እንኳ አይናገርም።

እዚህ ላይ ሳቁን በቀጥታ እንጋፈጠው፤ ብዙ ሰው የሚሸሸው ለምን እንደሆነ እናውቃለን። ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ በመቀመጫ በኩል በጣቱ ዕጢውን ይዳብሳል የሚለው ወሬ ነው። እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ ምርመራ አለ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሆኖም ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የሚጀምሩት በደም ነው። ከክንድ ጥቂት ደም ይቀዳና ዕጢው የሚያመነጨው ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባል ፕሮቲን መጠን ይለካል። ለወባ ለታይፎይድ ስንቴ ደም ሰጥተናል! በዚህ የሚያፍር ሰው ካለ ይንገረን። ሚስቶቻችን ልጅ ሲወልዱ ስንት እጅ እንዳያቸው እያወቅን፣ የማኅፀን በር ምርመራም በየጤና ጣቢያው ሲደረግላቸው እየሰማን፣ የአንድ ደቂቃን ጣት ከሞት ማስበለጥ ምን ይባላል? እኛ ወንድነት አንለውም።

እስካሁን የተናገርነው ለሚቃወሙን ነው። አሁን ደግሞ ለሚደግፉን ሁለት ቃል አለን፤ ከእነርሱም ጋር በአንድ ነገር አንስማማም።

ከስብሰባው በኋላ አንዳንድ ወጣቶች በቅን ልቡና ተነሥተው፣ በአንድ እሑድ የእድሩን ድንኳን ተክለን ዕድሜው ከአርባ በላይ የሆነውን ወንድ ሁሉ ደሙን እናስቀዳ፣ በአንድ ቀን እንጨርሰው የሚል ሐሳብ አምጥተዋል። ሐሳቡ ያምራል፤ ፎቶግራፍም ይወጣዋል። ግን አንቀበለውም። ለምን? የፒ.ኤስ.ኤ. ቁጥር ከፍ አለ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ዕጢው በዕድሜ ቢተልቅ ቁጥሩ ይጨምራል፣ የሽንት ኢንፌክሽን ቢኖር ይጨምራል፣ የሽንት ቱቦ ገብቶ ከሆነም ይጨምራል። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ለወንዶች በግልጽ የሚነግረው፣ ቁጥራቸው ከፍ ካለባቸው 4 ሰዎች 3ቱ ካንሰር እንደማይገኝባቸው ነው። በአንጻሩ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ካንሰር ያለበትም አለ። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው ምርመራውን መድገም፣ የኤም.አር.አይ. ፎቶ መነሣት፣ አስፈላጊ ከሆነም በመርፌ ከዕጢው ናሙና መስጠት ይኖርበታል። ድንኳን ውስጥ ቁጥሩን ነግረነው፣ በል እንግዲህ እግዜር ይርዳህ ብለን ብናሰናብተው ያተረፍነው እንቅልፍ ማሳጣት ብቻ ነው። ቀጣዩን ደረጃ ሳያዘጋጁ ምርመራ መጀመር ግማሽ መንገድ ላይ ተሳፋሪ እንደሚያራግፍ ሾፌር መሆን ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሚገኘው ካንሰር ሁሉ ገዳይ አይደለም። በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ሰውዬው በሌላ ምክንያት እስኪሞት ድረስ ምንም የማያደርገው ዓይነት አለ። እንግሊዝ አገር ከ1,600 በላይ ወንዶችን በሦስት ቡድን ከፍለው፣ አንዱን በክትትል ብቻ፣ አንዱን በቀዶ ሕክምና፣ አንዱን በጨረር ይዘው 15 ዓመት ተከታተሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ በሦስቱም ቡድን ከ100 ሰው 97 ያህሉ በዚህ ካንሰር አልሞቱም። እንግዲህ ተገኘ ማለት ተቆረጠ ማለት አይደለም፤ ሐኪም እየተከታተለው የሚኖር ሰው ብዙ ነው። የአሜሪካ የጤና መካሪ ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2012 ለሁሉም ወንድ ይህን የደም ምርመራ አታድርጉ ብሎ ነበር፤ በ2018 ግን ከ55 እስከ 69 ዓመት ያለው ወንድ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ራሱ ይወስን ወደሚል ተመለሰ። በአውሮፓ ከ160 ሺህ በላይ ወንዶች የተካተቱበት ጥናት የ23 ዓመት ውጤቱ በ2025 ታትሟል፤ ለምርመራ በተጠሩት ዘንድ በዚህ ካንሰር የሚሞተው ሰው በ13 ከመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። 13 ከመቶ ተአምር አይደለም። ከንቱም አይደለም። ልክ የሚያህለውን ነገር ልክ በሚያህለው ቃል እንናገር እንጂ፣ ሰውን በማጋነን አናስደንግጥ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ጅምላ ምርመራ አይደለም። ዕድሜው 50 የሞላ ወንድ ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንዲጠይቅ፣ አባቱ ወይም ወንድሙ ይህ በሽታ የነበረበት ደግሞ በ45 እንዲጠይቅ ነው። አባት ወይም ወንድም ያለበት ሰው ላይ አደጋው በእጥፍ ያድጋል። በእናት ወይም በእህት በኩል የጡት ካንሰር በተደጋገመበት ቤት ያለ ወንድም ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ አንዳንዱ ከዘር የሚወረስ ጉድለት ለሁለቱም በሽታ ያጋልጣልና። ሽንቱ ደም የቀላቀለ፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ወገቡን በተለይም ሌሊት የሚያመው ሰው ግን ስብሰባ አይጠብቅ። ዛሬ ይሂድ።

አሁን ወደዚያ አነጋገር እንመለስ፤ እድር ለሞት ብቻ ነው ወደተባለው። ይህን የሚሉት ትናንት የሆነውን ረስተዋል። የኤች.አይ.ቪ. ዘመን ከሁላችን ትዝታ ያልጠፋ ነው። እድሮች በየሳምንቱ ድንኳን ሲተክሉ ካዝናቸው ተራቆተ፤ በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች በዚያን ጊዜ ደንባቸውን አሻሽለው ለታማሚና ለወላጅ አልባ ሕፃናት መርዳት ጀመሩ። ያኔም እድር ለሞት ነው ያለ አልጠፋም። ያኔም ሳቅ ነበረ፣ መሸማቀቅ ነበረ፣ ከዚህ የከፋም ነበረ። ደንብ ሰው ያወጣዋል፤ ሰው ያሻሽለዋል።

መንግሥት ያድርገው የሚለው ክርክር ግማሹ እውነት ነው። መንግሥት ማድረግ አለበት። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከየክፍለ አገሩ የሚመጣው ሕመምተኛ ሁሉ እዚያው ደጅ ይጠና ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን በመሳሰሉ ቦታዎች መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ይበልጥ ይስፋፋ ብለን እንጠይቃለን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ ያላችሁም ማደሳችሁን እንዳትረሱ፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፎ ለሚሄድ ሰው ብዙ ያግዛል። ነገር ግን መድኑ ለታክሲ አይከፍልም። መድኃኒቱ በሆስፒታሉ አልቋል ተብሎ ከውጭ ግዙ ሲባል የሚጨነቀውን ሰው የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው። የመንግሥትን ድርሻ ስንጠብቅ የራሳችንን ድርሻ ለምን እናስቀራለን?

ገንዘብ ከየት ይመጣል ለሚሉ፣ ሌሎች እንዴት እንደጀመሩ እንንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተማ 30 ያህል ወንዶች በኅዳር ወር ሪዛቸውን ለማሳደግ ተወራረዱ፤ ነገሩ ቀልድ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቀልዱን ወደ ቁም ነገር ለውጠው ለፕሮስቴት ካንሰር ገንዘብ ሰበሰቡበት። ዛሬ «ሞቬምበር» ተብሎ በብዙ አገሮች የሚካሄድ ትልቅ እንቅስቃሴ ሆኗል። የሀብታም አገር ነገር ነው ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ከእኛው አገር፦ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተቋቋመው በአራት ዓመቱ በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም ነው። አንድ ቤተሰብ ኀዘኑን ይዞ አልተቀመጠም፤ ከየገጠሩ ለሕክምና ለሚመጡ ማደሪያ የሚሆን ማኅበር አደረገው። እኛ ደግሞ ባዶ እጃችንን አይደለንም፤ መዋጮ የለመደ እድር፣ ደብተር የሚይዝ ጸሐፊ፣ ገንዘብ የማይነካ ገንዘብ ያዥ አለን።

ሂሳቡን እንሥራው። 10 ብር በወር፣ በዓመት 120 ብር። 300 አባል ላለው እድር በዓመት 36,000 ብር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ ካንሰር አይታከምም፤ ማንም እንዲህ አላለም። አቅም የሌለው ሰው ግን ደሙን ሊመረመርበት፣ ደግሞ ሊመረመርበት፣ ናሙና የሚሰጥበት ቀን በታክሲ ሊሄድበት፣ አስታማሚውም ምሳ ሊበላበት ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ቡና አፍልተን፣ ዳቦ ደፍተን፣ ወጣቱ በእግር ጉዞ፣ እናቶች በጠላና በቆሎ ሽያጭ ጥቂት ልንጨምርበት እንችላለን። ማሳሰቢያ፦ ገንዘብ በእጅ አይሰበሰብም። ካርኒ ሳትቀበሉ ለማንም አትስጡ፤ እኛ ነን ብሎ ለሚመጣም ቢሆን።

እናቶች አንድ ጥያቄ አንሥተዋል፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ለወንድ በሽታ እኛ ለምን እንከፍላለን? ብለዋል። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ያን በሽተኛ ሌሊት የሚያገላብጡት፣ አንሶላውን የሚያጥቡት እናንተ ናችሁ፤ ዕዳው መጀመሪያውኑ የእናንተ ነበር። ሁለተኛ፣ መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ ለጡትና ለማኅፀን በር ካንሰርም እንዲሆን በደንቡ ላይ ይጻፍ ብለን እንደግፋለን። በነገራችን ላይ በዚህ ጉዳይ ሴቶቹ ቀድመውናል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ሲወስዱ ቆይተዋል። ወንዱ ገና ስለ ስሙ ይከራከራል።

ስለ ድጋፍም ሳንናገር አናልፍም፤ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ይኸ ነውና። በሽታው ለተስፋፋበት ሰው የሚሰጠው ዋናው ሕክምና የወንድ ሆርሞንን መቀነስ ነው። ይህን ያገኘው ቻርልስ ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1941 ሲሆን በ1966 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። በየተወሰነ ወር በሚወሰድ መርፌ ወይም የዘር ፍሬን በቀዶ ሕክምና በማውጣት ይደረጋል። ቀዶ ሕክምናው አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ነው፤ መርፌው ግን ዕድሜ ልክ ገንዘብ ይጠይቃል። ይህን ምርጫ የቀረበለት ድሃ አባት ምን ዓይነት ሌሊት እንደሚያድር አስቡት። ሰውነቱ ያልበዋል፣ ጉልበቱ ይደክማል፣ ስሜቱ ይጠፋል፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከጨረር በኋላም ሽንት አልይዝ የሚለው አለ። ስብሰባ መምጣት ይተዋል፤ እኛም ኩራት ነው ብለን እናማዋለን። ይህ ሰው የሚያስፈልገው ብርቱካን አይደለም። ይህን መንገድ ቀድሞ የሄደ አንድ ሌላ ወንድ አጠገቡ ተቀምጦ፣ እኔም እንዲህ ነበርኩ ቢለው ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በሰፈራችን አሉ። ሁለቱ በሚስጥር ሊረዱ ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውናል።

ጸበል እጠመቃለሁ የሚል ወንድማችንን ማንም አይከለክለውም። ደሙን ተመርምሮም መጠመቅ ይችላል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ለድምፅ የሚቀርበው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፤ መዝገቡ ከቀብሩ ገንዘብ ተለይቶ ይያዝ፤ ሦስት ፈራሚ ይኑረው፣ ከሦስቱም አንዷ ሴት ትሁን፤ ሂሳቡ በየሦስት ወሩ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የቀብሩ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አይነካም። ድንኳኑም ይጠገናል፤ አትስጉ።

መቃወም የፈለገ ሰው ይምጣና ይቃወም። ከማጨብጨቡ በፊት ግን ከላይ የተጠቀሱትን እናት ዓይን ለዓይን አይቶ ይቃወም፤ በመጨረሻው ረድፍ ይቀመጣሉ።

ስማቸውን ማስመዝገብ የሚፈልጉ ዕድሜያቸው 50 የሞላ ወንዶች፣ ወይም ስለ ባላቸው፣ ስለ አባታቸው የሚጠይቁ ሴቶች፣ እሑድ ጠዋት ከእድሩ ጸሐፊ ዘንድ ይምጡ። ደብተሩ ከእርሳቸው እጅ አይወጣም። ስም በዚህ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም።

የነዋሪዎች ማኅበር የሰሌዳ ጽሑፍ አዘጋጆች